ግቡ ያልኩት እኔ ነኝ

እየቀዳ ነው? እሺ። ዶሮው ከጮኸ ይቅርታ፣ የጎረቤቴን ዶሮ ታውቁታላችሁ፤ ሰዓት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

ስለ ማክሰኞ ላወራ አልነበረም። ግን ዕቃ ባጠብኩ ቁጥር እዚያው በር ላይ ነኝ።

ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፏል። በሩ ተንኳኳ፣ ከፈትኩ፣ ሁለት ፖሊሶች። አንደኛው ልጅ ነው፣ ፂም እንኳ በቅጡ አላበቀለም። "እህቴ፣ ይቅርታ፤ ሰርቪሱ ውስጥ ስላለው ተከራይ ነው። አየት አድርገን እንውጣ?" "ግቡ" አልኩ። በዛ ላይ ደግሞ "ኧረ ግቡ፣ ብርድ ነው።" ብርድ ነው! ፖሊስ እንዳይበርደው።

አክስቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ብድግ። "ኖር!" ልጁ ደንገጥ ብሎ "በእግዜር" አለ። ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ሲል "ተወው ልጄ" አለችው። እኔ ጀበና ልጥድ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ እጄ ጀበናው ላይ ነበር።

ከዚያ በረበሩ። ቁም ሳጥን፣ ፍራሽ ሥር። ልጁ መሶቡን ከፈተ፤ እንጀራ ነው። መልሶ ሲከድነው ግን ጥለቱ ከታችኛው ጋር እስኪገጥም ክዳኑን ቀስ አድርጎ አዞረው። ያመናጭቁኝ ቢሆን ኖሮ ተናድጄ እተኛ ነበር። ይሄ ልጅ ግን... ክዳኑን አዞረው እኮ።

ጠበቃዋ ጓደኛዬ፣ ያቺ "እንደ ሕጉ ከሆነ"፣ በማግስቱ "ወረቀት አሳዩሽ?" አለችኝ። አልጠየቅኩም። ጀመረችኝ፦ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ አንቀጽ 32። ቤት ያለ ብርበራ ትእዛዝ አይበረበርም፤ ወንጀለኛ እያባረሩ ሲገባባቸው፣ ወይም ከ3 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ክስ ወይም አቤቱታ ቀርቦ፣ ማስረጃው እዚህ ተደብቋል ተብሎ፣ ትእዛዝ እስኪወጣ ይሸሻል የሚል በቂ ምክንያት ሲኖር ካልሆነ በቀር። ትእዛዙም ቢኖር፣ በአንቀጽ 33፣ ፍርድ ቤት ለይቶ ካልፈቀደ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ብቻ። የተያዘ ዕቃ በዝርዝር ይመዘገባል፣ ከተቻለ ገለልተኛ ሰው ይፈርምበታል። "ባለቤቷ ግቡ ካለችስ?" አልኳት። አንቀጽ 32 ላይ እንደዚያ የሚል የለም። ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ታውቃላችሁ፣ ጉድ ነው።

ደጅ አቁሞ ማናገር ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። የኔ "ግቡ" ለዕድር ለቃሚም፣ ለቆጣሪ አንባቢም ያው ነው። ፈቃድ ነው እሱ? "ወረቀት አላችሁ?" ብል ከፖሊሶቹ በፊት አክስቴ ነበረች የምታፍርብኝ። ምናልባት ሰበብ እየፈለግኩ ነው። አላውቅም።

ቆይ፣ ያላልኩት አለ። የሰርቪሱን ቁልፍ ከመሳቢያ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም፤ "ቁልፉ ይኖር ይሆን?" ነው ያለው ትልቁ። ተከራዩ ክፍለ ሀገር ነው፣ ኪራዩን ከፍሎ ነው የሄደው። ከትራሱ ሥር ደብተር ይዘው ወጡ። ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ የዕቁብ ደብተሩ። ዝርዝር የሚባል አልተጻፈ፣ ማንም አልፈረመ። እኔ ቤቴን ፈቀድኩ እንበል፤ ያ ክፍል ግን... ዕቁቡ ውስጥ ያሉትም ሰዎች ስማቸው...

እኔም አለሁበት፣ በነገራችን ላይ። ሁለት እጣ።

ትናንት ተከራዩ ደወለ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ እያየሁት ቆምኩ፣ አላነሳሁም። ዛሬ ጠዋትም... ይኸው ጮኸ ዶሮው። ቆይ፣ መስኮቱን ልዝጋ።