ሞዬስ ጊዜ ይሰጠው፣ ሰውነት ይነሳ

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለም። ቡናዬ አጠገቤ አለ። ጎረቤት ግድግዳ እየበሳ ነው፤ ድምፁ ከገባ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቼ ነበር። የማን ጨዋታ እንደሆነ አልናገርም፣ ግማሾቻችሁ ትቀየሙኛላችሁ። ሰባኛው ደቂቃ አካባቢ ከኋላዬ አንድ ልጅ፣ አስራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ተነስቶ "ኧረ ይባረርልን!" ብሎ ጮኸ። አሰልጣኙን ነው። ያቺን "ልን" ልብ በሉልኝ። "ይባረር" አይደለም ያለው፣ "ይባረርልን" ነው። እንደ ውለታ። ቀበሌ አቤቱታ እንደሚያስገባ ሰው።

ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ ጠፋ፣ ምክንያቱም ያንን ቃል እኔም ብዬዋለሁ። በዚያችው "ልን"። መቼ እና የት እንደነበር በደንብ አስታውሳለሁ፣ ፀጉሬ ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ ቀርቶ ስለነበር።

ጊዜው በእኛ 2006 ጥር ነው፣ በፈረንጆቹ 2014። ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው፤ ኳስ የሚሄደው በእነሱ ካላንደር ነው። ብሔራዊ ቡድናችን፣ ዋልያዎቹ፣ ደቡብ አፍሪካ ላይ ቻን የሚባለውን የአፍሪካ ውድድር ተጫውተው ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፈዋል። በሊቢያ፣ በኮንጎ፣ በጋና። አንድ ጎል እንኳን ሳያገቡ። በዚያው ሰሞን ማንቸስተር ዩናይትድ ቼልሲ ሜዳ ሄዶ 3 ለ 1 ተሸንፏል፣ ኤቶ ብቻውን ሦስት አግብቶ። ፀጉር አስተካካያችን ደግሞ የለየለት ማንቼ ነው።

ገብቼ ተቀመጥኩ። ጨርቁን አንገቴ ላይ አሰረልኝ። ቶንዶሱን ከግራ ጆሮዬ በላይ አስነሳና ወደ ላይ ሄደ። ከዚያ አንድ ወረፋ የሚጠብቅ ሰውዬ "እና ሰውነት ቢሻው አሁንም ሊቀጥል ነው?" አለ። የዋልያዎቹን አሰልጣኝ ነው። አለቀ። ቶንዶሱ ከጭንቅላቴ ተነስቶ አየር ላይ ቀረ።

እዚህ ላይ "ሰውነት፣ ሰውነት" እያልኩ ብቀጥል አትቀየሙኝ። አሰልጣኝ ሰውነት ታላቄ ነው፣ ሜዳ ቢሆን አንቱ ባልኩት። ግን የኳስ ክርክር አንቱታ አያውቅም።

አስተካካዩ በቶንዶሱ እየጠቆመ ክሱን ደረደረ። ቻን ላይ ሦስት ሽንፈት። ናይጄሪያ ላይ ሁለት ሽንፈት። ቦትስዋና ላይ ሁለት ቢጫ ያየ ልጅ ማሰለፍ። "ይህ ሰው ምን እስኪያደርገን ነው የምንጠብቀው? ይነሳ!" እኔም ከጨርቁ ስር እጄን አውጥቼ፣ "ይነሳልን" አልኩ።

ከዚያ ወሬው ወደ ማንቼ ዞረ። ዴቪድ ሞዬስ ፈርጉሰንን ተክቶ ስድስት ወር ገደማ ሆኖታል። ሻምፒዮን የነበረ ቡድን ተረክቦ በየሜዳው እየተመታ ነው። ያው አስተካካይ፣ ያው ቶንዶስ፣ ያው አፍ፦ "ቀስ በሉ እንጂ! ለሰውዬው የስድስት ዓመት ኮንትራት ነው የሰጡት። ፈርጉሰንስ መጀመሪያ ላይ እንዴት ነበር? ጊዜ ይሰጠው።"

ማንም አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም፣ እኔም ያው ነኛ! አርሰናል ነኝ። ያን ጊዜ አሰልጣኛችን ቬንገር ከ2005 ጀምሮ ዋንጫ አላየም። ኦልድ ትራፎርድ ላይ 8 ለ 2 ተመትቶ አይቼዋለሁ። ታዲያ እሱን ለመከላከል ጓደኛ ተቀይሜያለሁ። ስታዲየም ሠርተው ነው፣ ዕዳ አለባቸው፣ ተጫዋች እየሸጡ ነው፣ እያልኩ የክለቡ ሒሳብ ሹም እስክመስል ድረስ። ለቬንገር ዘጠኝ ዓመት ታግሻለሁ። ለሰውነት ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር።

ሰውነት ደግሞ ምን አድርጎልን እንደነበር እናውቃለን። ጥቅምት 2012፣ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ሱዳን። በመጀመሪያው ጨዋታ ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን መጥተናል። ሰው ከሌሊት ጀምሮ ነው የተሰለፈው። እኔ ካታንጋ ለመግባት ሄጄ ትኬት አጣሁ። ሌሎቹ መቀመጫዎች፣ ከማን አንሼም፣ ሚስማር ተራም፣ የሉም። ከአጥሩ ውጭ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ከጎኔ አንድ ሎተሪ አዟሪ ትንሽ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፏል። ግን ሬዲዮው ከግድግዳው ይዘገይ ነበር። መጀመሪያ ከውስጥ ጩኸቱ ይመጣል፣ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ነው ጋዜጠኛው "ጎል" የሚለው። የአዳነ ግርማን ጎል በእግሬ ነው የሰማሁት ብል አልዋሸሁም። የሳላዲን ሰኢድን ሁለተኛ ጎል ስሰማ ሎተሪውን ረግጬበት ነበር፤ እሱ ደግሞ እኔን እያቀፈ ነበር። 2 ለ 0። በደርሶ መልስ 5 ለ 5፣ ከሜዳ ውጭ ባገባነው በልጠን፣ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ።

ያን ቀን ማታ ማንም ሰው "ሰውነት ይነሳ" ቢል ከተማው ራሱ ያባርረው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ከዛምቢያ ጋር በአስር ሰው 1 ለ 1። ቡርኪናፋሶ 4 ለ 0፣ ናይጄሪያ 2 ለ 0፣ ቻው። ከዚያ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያው መጣ። ሰኔ 2013 ደቡብ አፍሪካን እዚሁ 2 ለ 1፤ መጀመሪያ ያገባብን በርናርድ ፓርከር ሁለተኛውን በራሱ መረብ ላይ ለእኛ አገባልን። ደስታችን ሳያልቅ ያ የቢጫ ካርድ ጉዳይ ፈነዳ። ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ እያለበት ቦትስዋና ላይ ተሰልፏል፣ ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን። ያም ሆኖ መካከለኛው አፍሪካን አሸንፈን ምድቡን በአንደኝነት ጨረስን።

ያ ነገር አሁንም ይገርመኛል። ፌዴሬሽኑ ራሱ ስህተቱን አምኗል። የካርድ መቁጠሪያ ወረቀት የአሰልጣኝ ኪስ ውስጥ ብቻ አይደለም የሚቀመጠው። ፀጉር ቤታችን ውስጥ ግን ክሱ ሰውነት ላይ ነበር የተመዘገበው። ቻኑም እንደዚያው። ቻን በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ልጆች ብቻ የሚሳተፉበት ውድድር ነው። ሳላዲንና ጌታነህ ከበደ ያን ጊዜ ውጭ ናቸው። ሰውዬው ዋና አጥቂዎቹ ሳይኖሩ ሄዶ ጎል አላገባም ብለን ነው የፈረድንበት። እኔ ይህንን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር! ስለ ቬንገር ቢሆን ገና ሳልጠየቅ እዘረዝረው ነበር።

ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። ለዓለም ዋንጫው በቀረችን የመጨረሻ ደርሶ መልስ ናይጄሪያ እዚህ ስትመጣ በኃይሉ አሰፋ አግብቶ 1 ለ 0 መራን። ከዚያ ወደ ኋላ አፈገፈግን፣ የእነሱ ኤሜኒኬ አንድ አገባ፣ መጨረሻ ላይ በፍጹም ቅጣት ምት ደገመ። ያንን ጨዋታ አንድ ለአንድ እንኳን ብንጨርሰው በመልሱ ጨዋታ ናይጄሪያ፣ ካላባር ላይ ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር እያልኩ ሌሊት የነቃሁበት ጊዜ አለ። እዚያ ላይ አስተካካዩ ትክክል ነው።

ወደ ፀጉር ቤቱ ልመለስ። ክርክሩ ሲጋጋል መብራት ሄደ። የእኛ ነገር። ቶንዶሱ ዝም አለ፣ የእኔ ጭንቅላት በግራ በኩል መላጣ፣ በቀኝ በኩል ጫካ። በጨለማው ውስጥ ጥግ ላይ ጢማቸውን ለመከርከም የሚጠብቁ ጋሼ ነበሩ። አጎቴ ናቸው፣ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም።

"እሺ፣ ተነሳ እንበል" አሉ። "ማን ይምጣ?"

ዝም።

ከዚያ ከሆነ ቦታ፣ "ፈረንጅ" አለ አንዱ።

"የትኛው ፈረንጅ?"

"ማንኛውም።"

ጋሼ ምንም አላሉም። ብቻ በጨለማ ውስጥ ሲስቁ ሰማሁ፣ በአፍንጫቸው።

ሰውነት በዚያው ሰሞን ተሰናበተ። ፈረንጁም መጣ። ማሪያኖ ባሬቶ፣ ፖርቱጋላዊ። በ2015ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ከስድስት ጨዋታ አንድ አሸነፍን። እሱንም የት? ባማኮ ላይ፣ ማሊን በሜዳዋ 3 ለ 2። እዚህ ግን በዚያችው ማሊ 2 ለ 0 ተሸንፈናል። ዓመት ገደማ ቆይቶ እሱም ሄደ። ከዚያ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ። አብርሃም የመንን ለመጀመሪያ ጊዜ እስያ ዋንጫ አስገብቶ ነው ወደ እኛ የመጣው። እሱም አለፈ። አፍሪካ ዋንጫን ዳግም ያየነው በውበቱ አባተ ነው፣ ካሜሩን ላይ፣ ጥር 2022። በዚያው ዓመት ሰኔ ግብፅን 2 ለ 0። ስታዲየማችን ስለማይፈቀድ "ሜዳችን" ያልነው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። ያን ቀን ውበቱ ነቢይ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ጊኒ ደጋግማ አሸነፈችን፣ "ይነሳልን"ም ተመለሰች።

ጋሼ ይህን ሁሉ ተንብየው ነበር አልልም። ሰውነት ቢቆይ ኖሮ አፍሪካ ዋንጫ እንገባ ነበርም አልልም። ማን ያውቃል? እኔን የሚበላኝ ሌላ ነው። ለምን ለሞዬስና ለቬንገር ልባችን ሰፋ፣ ለራሳችን ሰው ጠበበ?

አንዱን መልስ እናቴ ናት የሰጠችኝ፣ ሳታውቀው። ኳስ አታይም። አርሰናል ሲሸነፍ ፊቴን አይታ "ተሸነፉ እንዴ?" ትለኛለች። ዋልያዎቹ ሲሸነፉ ግን "ተሸነፍን እንዴ?" ነው የምትለው። የአርሰናሉ ቁስል የእኔ ብቻ ነው፣ ሰኞ ላይ ይሽራል። የዋልያው ቤት ድረስ ይገባል። የሚያመው ሰው ደግሞ ትዕግሥት የለውም፣ ፈጥኖ የሚይዘው አንገት ይፈልጋል።

ሁለተኛው ያሳፍረኛል። ቬንገር አንድ ተጫዋች ያለቦታው ሲያሰልፍ "የሚያውቀው ነገር ይኖራል" እል ነበር። ሰውነት ያንኑ ሲያደርግ "ይህንንማ እኔም አውቃለሁ" አልኩ። አንዱን ለንደን ስላለ ሊቅ አደረግኩት። ሌላው እኔ በምሄድበት ካፌ ማኪያቶ ስለሚጠጣ ከእኔ እኩል ሆነብኝ። ነቢይ በአገሩ አይከበርም የሚባለው ለካ ሩቅ አይደለም፤ ጨርቅ አንገቴ ላይ አስሬ ስናገር ነው የተገኘሁት።

ሞዬስን? ሚያዝያ ላይ አባረሩት። የስድስት ዓመቱ ኮንትራት አስር ወር ገደማ ሄደ። አስተካካዩ አንድ ሳምንት ሙሉ አኩርፎ ነበር። "አልታገሡትም" ይላል። እንግሊዞቹን ነው የሚወቅሰው፣ ትዕግሥት የላቸውም ብሎ። ለሰውነት የታገሠውን ቀን ቆጥሬ ልነግረው ፈልጌ ነበር። ግን ምላጭ ይዞ አንገቴ ስር ነበር፣ ተውኩት።

ያው ሰው ነው እስከ አሁን የሚቆርጠኝ። ፀጉሩ ሸብቷል፣ የእኔም ሳስቷል። ባለፈው ሐሙስ ሄድኩ። ጨርቁን አሰረ፣ በግራ ጀመረ። ጆሮዬ ላይ ሲደርስ ቶንዶሱን አነሳና፣ "ስማኝ፣ ይሄ አሰልጣኝ ግን…" አለኝ።

"ወንድሜ" አልኩት፣ "መጀመሪያ ቀኙን ጨርስልኝ። ከዚያ ማን እንደሚመጣ እንነጋገራለን።"