ግንቡ ለምን ቀዳዳ አለው?

[ምስል፦ ደሴ፣ ከጦሳ ግርጌ። ዳገቱ ላይ ደረጃ በደረጃ የተሠሩ ቤቶች።]

ተራኪ፦ ለልጅ ምህንድስና ለማስተማር ውድ መጫወቻ አያስፈልግም። ደሴ ለሚኖር ሰው ደግሞ ጭራሽ! ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በሐረጎ በኩል ኮምቦልቻ ስንደርስ ከ600 ሜትር በላይ ወርደናል፤ መንገዱ ግን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ አገር ቤቱም መንገዱም የሚሠራው ዳገት ተቆርጦ ነው። የተቆረጠው አፈር እንዳይናድ ደግሞ በግንብ ይደገፋል።

[ምስል፦ የድንጋይ ድጋፍ ግንብ። ካሜራው ከግንቡ ብቅ ወዳለች ቱቦ ይጠጋል።]

ከልጃችሁ ጋር በዚህ ስታልፉ ቆም በሉ። "እነዚህ ቀዳዳዎች ለምንድን ናቸው?" ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን አትንገሩት። "የአይጥ ቤት ነው" ቢልም ይበል፤ ግምት ነው።

ከዚያ ቤት ገብታችሁ ሞክሩት።

[ምስል፦ ሁለት የዘይት ጀሪካኖች፣ አፈር፣ ጠጠር፣ ካርቶን፣ ፌስታል።]

ሁለት ባለ 5 ሊትር ጀሪካኖችን አስተኙ። የላይኛውን ጎንና አንዱን ጫፍ ቁረጡ። መቁረጡ የአዋቂ ሥራ ነው። በተቆረጠው ጫፍ በፌስታል የተጠቀለለ ካርቶን በፕላስተር ለጥፉ፤ ግንባችሁ ይኼ ነው። አንደኛውን ካርቶን ከታች በኩል በምስማር ብሱት፤ ከጀርባው ጠጠር አድርጉበት። ሌላኛውን እንዳለ ተዉት። ሁለቱንም አፈር ሙሉና ልጁ ቀስ እያለ ውሃ ያፍስስ። ክረምቱ እሱ ነው።

[ምስል፦ አንዱ ካርቶን ወደ ውጭ ሲወጠር።]

ያልተበሳው፣ ግንበኞች እንደሚሉት፣ ሆድ ያወጣል። ከተበሳው ግን ውሃው ይንጠባጠባል፤ ግፊቱም ይቀንሳል። ጠጠሩ የገባው አፈሩ ቀዳዳውን እንዳይደፍነው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አፈር ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል። መውጫ ያጣው ውሃም ራሱ ግንቡን ይገፋል። ከግንብ ጀርባ 2 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ቢጠራቀም፣ ግርጌው ላይ በካሬ ሜትር 2 ቶን ያህል ይገፋል። ለኬጂ ልጅ ቁጥሩ ይቅርበት፤ "ውሃው መውጫ ፈልጎ ይገፋል" ማለት ይበቃል። ከዝናብ በኋላ ሆድ ያወጣ ወይም የተሰነጠቀ ግንብ ካያችሁ ግን ለትምህርትም ቢሆን አትጠጉ። ልጁንም ይህንኑ አስተምሩት።

[ምስል፦ በሽቦ ሳጥን የታጨቀ ድንጋይ፣ ጋቢዮን።]

ቀጥሎ ጋቢዮን አሳዩትና "ይኼስ ቀዳዳው የት አለ?" በሉት። እዚህ ላይ ልጆች ብዙ ያስባሉ። ድንጋዮቹ በሲሚንቶ አልተያያዙም፤ ውሃው በመካከላቸው ያልፋል። መሬቱ ትንሽ ቢንሸራተትም ሽቦው አብሮ ይጎብጣል እንጂ እንደ ግንብ ወዲያው አይሰነጠቅም።

ለሙከራው የሽንኩርት መረብ ከረጢት ጠጠር ሙሉበትና አፉን እሰሩ። ሦስት አራት ከሠራችሁ በኋላ በካርቶኑ ቦታ ደርድሯቸው። ስንት ቢደረደር አፈሩን መደገፍ እንደሚችል ልጁ ይወስን፤ ቢናድበትም እንደገና ይሥራው።