ኬክ ውስጥ የስኳር ሥራ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ? እናቴ ስኳር እንዳለባት ካወቅን ወዲህ በቤታችን ኬክ በተጋገረ ቁጥር ክርክር ይነሳል፤ ዛሬ የማወጋችሁም በስኳር ምትክ ስለምናስገባቸው ማጣፈጫዎች ነው።

ስኳር ኬክ ውስጥ ከማጣፈጥ ያለፈ ሥራ አለው። ከቅቤ ጋር ሲመታ ፍሬዎቹ ቅቤው አየር እንዲቋጥር ያደርጋሉ፤ ውሃ ይዞ ስለሚያቆይም ኬኩ ቶሎ አይደርቅም፤ ላዩም ቡናማ እንዲሆን ይረዳል። ስለዚህ 200 ግራም ስኳር አስቀርተን፣ ከስኳር 200 እጥፍና ከዚያም በላይ የሚጣፍጠውን የስቴቪያ ንጥር (ከአንድ ተክል ቅጠል የሚወጣ ማጣፈጫ) በቁንጥር ብናስገባ፣ ጣዕሙ ቢሞላም የጎደለውን ክብደት የሚተካ ነገር ስለማይኖር ኬኩ ጥቅጥቅ ያለና ፈዛዛ ሆኖ ይወጣል። ኤሪትሪቶል የተባለው፣ እንደ ስኳር ፍሬ ፍሬ ያለው ማጣፈጫ መጠኑን ይሞላል፤ ጣፋጭነቱም የስኳርን 70 በመቶ ያህል ነው። ሆኖም ብስኩቱ ሲቀዘቅዝ መልሶ ስለሚጠጥር ጥርስ ላይ ኮሽ ኮሽ ይላል፤ ምላስ ላይም ሚንት የበሉ ያህል ቅዝቃዜ ይተዋል። በእርሾ ለሚነሳ ሊጥ ደግሞ አይረዳም፤ እርሾው አይመገበውምና።

በእኛ ዘንድ ግን ክርክሩ ሁሉ የሚያበቃው ማር ላይ ነው፤ «ማር እኮ ተፈጥሯዊ ነው፣ ምን ያደርጋል?» የማይል ዘመድ የለም። ማር እወዳለሁ፤ እጋግርበታለሁም። ቶሎ ስለሚያጠቁር የኦቨኑን ሙቀት በ15 ዲግሪ ያህል ዝቅ አደርጋለሁ፤ ከክብደቱ ወደ 18 በመቶ የሚጠጋው ውሃ በመሆኑ ከወተቱ እቀንሳለሁ፤ አሲድነቱን ለማለዘብም ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ እጨምራለሁ። ለስኳር ሕመምተኛ መፍትሔ ነው መባሉን ግን አልቀበልም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ማርን የመደበው ልንቀንሳቸው ከሚገቡን ስኳሮች ጋር ነው። ይኸው ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ስቴቪያንና መሰሎቹን ክብደት ለመቆጣጠር ብሎ መጠቀምን እንደማይመክር ገልጿል፤ ምክሩ ግን ቀድሞውኑ ስኳር ያለባቸውን ሰዎች አይመለከትም።

እኔ የመረጥሁት መተካትን ሳይሆን መቀነስን ነው። ከምግብ አሠራሩ ላይ የስኳሩን ሩብ አስቀርቼ ኮረሪማና የብርቱካን ልጣጭ ፍቅፋቂ ስጨምር የሚያውቅብኝ የለም፤ ልጆቹ እንኳ አያማርሩም። ለእናቴ ደግሞ ዋናው ጉዳይ የቁራሹ መጠን ነው፤ የፍርኖ ዱቄቱ ራሱ ሆድ ውስጥ ገብቶ ወደ ስኳርነት ስለሚለወጥ፣ ማጣፈጫውን ብቻ ቀይረን «ይህ ለአንቺ ነው፣ እንደ ልብሽ ብዪ» ልንላት አንችልም።