ሞክሼ ስሞችና የውሸት ፌይል

እንደምን አመሻችሁ! በዚህ የታክሲ ሰልፍ ከሜክሲኮም ከመገናኛም ተጋፍታችሁ አራት ኪሎ የደረሳችሁ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ፣ ከካምፓስ በእግራችሁ ብቅ ያላችሁትን ግን ብዙም አላመሰግንም።

ዛሬ የማወራው ስለ ጂዲቢ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን በ1986 የጀመረው ዲበገር፣ ፕሮግራም ውስጥ ያለን ስህተት ለማግኘት የሚረዳ ፕሮግራም ማለት ነው፣ 1986 ስል በፈረንጅ ነው እንዳትደናገሩ። ከናንተ ብዙው ኦፕን ሶርስ ላይ መሳተፍ እፈልጋለሁ ግን ከየት ልጀምር ይለኛል፣ እኔም ሁሌ ከቴስት ጀምሩ ነው የምለው። ከዛ ሰው ሶርሱን አውርዶ ቢልድ ያደርግና ሜክ ቼክ ብሎ ቴስቶቹን ያስነሳና ሻይ ሊጠጣ ይወጣል፣ ሲመለስ ፌይል፣ ፌይል፣ ፌይል። አንድ መስመር ኮድ እንኳን አልነካም እኮ! ጓደኛው ደግሞ እዛው ጎኑ ቁጭ ብሎ ያንኑ ሶርስ፣ ያንኑ ኮሚት ቢልድ አርጎ ሁሉም ፓስ ብሎታል። ጉዳዬ ይሄ ነው።

መጀመሪያ ቴስቱ እንዴት እንደሚሰራ። የጂዲቢ ቴስቶች ዴጃግኑ በሚባል ነገር ነው የሚሮጡት፣ ቋንቋው ቲክል ነው፣ ከኤክስፔክት ጋር። የሚያደርገው ምን መሰላችሁ፣ ጂዲቢን ያስነሳል፣ ልክ እንደ ሰው ትእዛዝ ይጽፍለታል፣ የመለሰለትን ጽሁፍ ያነባል፣ ከዛ ጽሁፉ ከሬጌክሱ፣ ማለትም ከሚጠበቀው የጽሁፍ ቅርጽ ጋር ገጠመ አልገጠመም ብሎ ፓስ ወይ ፌይል ይላል። በቃ። ቴስቱ የሚያየው ጽሁፍ ብቻ ነው፣ ጂዲቢ በልቡ ምን እንዳሰበ አያውቅም።

አሁን አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። የቴስቱ ፕሮግራም ትንሽ የሲ ፋይል ነው፣ ውስጡ ኮል ኢኒት የምትባል ፈንክሽን አለች። ቴስቱ ብሬክ ኮል ኢኒት ይላል፣ እሷ ጋ ስትደርስ ፕሮግራሙን አቁመው ማለት ነው፣ ማቆሚያው ብሬክፖይንት ይባላል፣ "ብሬክፖይንት 1፣ እዚህ አድራሻ ላይ፣ ፋይሉ ይሄ፣ መስመሩ ይሄ" የሚል መልስ ይጠብቃል፣ ከዛ ፕሮግራሙን ያስነሳና እሷ ጋ ሲቆም ያያል። ያንኑ ቴስት አንድ ላፕቶፕና አንድ ሰርቨር ላይ አስሮጥነው እንበል። ላፕቶፑ ላይ ይሄ ሁሉ ቆንጆ ይሄዳል። ሰርቨሩ ላይ ግን ፕሮግራሙ ዋናው ፈንክሽን፣ ሜይን ጋ ሳይደርስ ይቆማል፣ የቆመበት ፋይል ደግሞ ዲኤል ኢኒት ዶት ሲ፣ ማንም የማያውቀው ፋይል! ኢንፎ ብሬክፖይንትስ ብትሉ አንዱ ብሬክፖይንት 1.1፣ 1.2፣ 1.3 ተብሎ ሶስት ቦታ ተከፍሎ ታገኙታላችሁ። ቴስቱም የጠበቀው ቦታ ስላልመጣ ፌይል ይላል፣ ቀጥሎ ያሉት ሁሉ እዛ ቆመናል ብለው ስለሚጀምሩ ተከታትለው ይወድቃሉ። የአንድ ስም ጣጣ ሎጉን በፌይል ያጥለቀልቀዋል።

ልዩነቱ ምንድነው? ሰርቨሩ ላይ አንድ ሰው የጂሊብሲን፣ ማለትም የሲ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበትን ዋና ላይብረሪ፣ የዲበግ ፓኬጅ ጭኖበታል፣ ሌላ ምንም የለም። በተለምዶ የሊኑክስ ዲስትሮዎች ላይብረሪውን ስትሪፕ አድርገው ነው የሚሰጡን፣ ማለትም ለውጪ ከሚታዩት ስሞች በቀር የውስጥ ስታቲክ ፈንክሽኖች፣ ለፋይላቸው ብቻ የሆኑት ማለት ነው፣ ስም የለም፣ ጂዲቢም ስለማያያቸው አያነሳቸውም። የዲበግ ፓኬጁ ሲጫን ግን ያ ሁሉ የውስጥ ስም ቁልጭ ብሎ ይመጣል፣ ከነመስመር ቁጥሩ። እና ጂሊብሲ ውስጥ ኮል ኢኒት የሚባል አለ። ፕሮግራም ሲነሳ ላይብረሪዎችን የሚጭነው ዳይናሚክ ሊንከር ውስጥ አንድ፣ ከ2.34 ወዲህ ደግሞ ሊብሲ ስታርት ዶት ሲ ውስጥ ሌላ። የኛ ሲጨመር ሶስት ሞክሼ።

ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ፊት ስትቀመጡ ልጅቷ "አበበ ከበደ!" ብላ ስትጣራ ሁለት ሰው ብድግ ይላል አይደል? ያኔ የአያት ስም ትጠይቃለች እንጂ ማንም ልጅቷን አሳሳተች አይላትም። ጂዲቢም እዚህ ጋ ያደረገው ትክክል ነው። ከ7.4 ጀምሮ፣ 2012 የወጣው ማለት ነው፣ አንድ ስም ብዙ ቦታ ከተገኘ ብሬክፖይንቱን ሁሉም ቦታ ላይ ያስቀምጣል፣ ሆን ተብሎ የተሰራ ነው። በ2018 በ8.1 ደግሞ ለሲ ፕላስ ፕላስ ጨመሩበት፣ ኔምስፔሱን፣ ማለትም ስሞች የሚቧደኑበትን ክፍል፣ ሳትጠሩ ስሙን ብቻ ከሰጣችሁት በየትኛውም ኔምስፔስ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያመጣል። ስለዚህ ዲበገሩ አልተበላሸም፣ ጥያቄው ነው ያልጠራው። ማስተካከልም ያለብን ጥያቄውን ነው እንጂ መልሱን አይደለም።

ይሄን አጥብቄ የምለው ሰው ወዲያው የሚሮጥበት መፍትሄ ሬጌክሱን ማላላት ስለሆነ ነው። "ሶስት ቦታ" የሚለውንም ይቀበል፣ ማንኛውንም ፋይል ይቀበል፣ ማንኛውንም ጽሁፍ የሚቀበለውን ነጥብ ኮከብ ጨምርበትና ይለፍ። ያልፋል! ግን ነገ ጂዲቢ እውነት ተበላሽቶ የተሳሳተ ፋይል ላይ ቢቆምም ያልፋል። የውሸት ፌይል ያናድዳል፣ የውሸት ፓስ ግን ማንም ሳያየው ነው የሚቀመጠው፣ እኔ በበኩሌ ፌይሉን እመርጣለሁ። ሌላው ደግሞ ኬፌይል ብሎ ምልክት አድርጎ መገላገል ነው። ኬፌይል እኮ ጂዲቢ ውስጥ ያለ የታወቀ ችግር ማለት ነው፣ እዚህ ጋ ጂዲቢ ምን አጠፋ?

ከትክክለኛዎቹ የምወደው ስሙን መቀየር ነው። የቴስት ፕሮግራም ውስጥ ያለች ፈንክሽን ስሟ ምንም ቢሆን ለውጥ የለውም፣ የቴስቱን ስም ፊቷ ላይ ለጥፉና የማንም ሞክሼ እንዳትሆን አድርጉ። አሰልቺ ነው ግን አስተማማኝ ነው፣ ነገ ጂሊብሲ የፈለገውን ስም ቢያወጣ አይነካችሁም። ስሙን መቀየር ካልተፈለገ ፋይሉን ከፊት ጥሩ፣ ብሬክ፣ የፋይሉ ስም፣ ሁለት ነጥብ፣ ፈንክሽኑ። ለቫሪያብል ከሆነ ደግሞ ፕሪንት ላይ ፋይሉን በነጠላ ጥቅስ አድርጋችሁ፣ ሁለቴ ሁለት ነጥብ፣ ከዛ ስሙን።

ሁለት ምክር ደግሞ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ፣ ሁለቱም ለዚህ በሽታ አይሆኑም። አንዱ "ስታቲክ አድርገው" ነው። ስታቲክ የሚለው ቃል የሚያስጠነቅቀው ፋይሎቹን የሚያገናኘውን ሊንከሩን ነው፣ ፈንክሽናችሁ ላይብረሪ ከሚያወጣው ስም ጋር ተጋጭታ ሌላው ላይብረሪ በስህተት የናንተን እንዳይጠራ ይረዳል፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው። ዲበገሩ ግን ስታቲኩንም ያያል፣ የጂሊብሲዎቹ ኮል ኢኒቶች ራሳቸው ስታቲክ ናቸው እኮ። ሁለተኛው "ሰረዝ ኳሊፋይድ ጨምርበት" ነው። እሱ ለኔምስፔስ ጉዳይ ጥሩ ነው፣ ራንቱ ሜይን የሚባለው የቴስቶቹ መነሻም ሜይን ላይ የሚቆመው በኳሊፋይድ ነው፣ ኔምስፔስ ውስጥ ያለ ሌላ ሜይን እንዳይጎትት ማለት ነው። ለሲ ፈንክሽን ግን የሶስቱም ሙሉ ስም ያው ኮል ኢኒት ስለሆነ ምንም አይለይላችሁም።

እሺ፣ ፌይል ሲገጥማችሁ ሞክሼ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ማጠቃለያ ፋይሉን አይታችሁ አትፍረዱ፣ ጂዲቢ ዶት ሎግን ክፈቱ፣ ከላይ ወደ ታች ስትሄዱ የመጀመሪያውን ፌይል ፈልጉና ጂዲቢ በትክክል የጻፈውን አንብቡ፣ የታችኞቹን ለጊዜው እርሷቸው። የማታውቁት ፋይል ስም ካያችሁ ወይ ብዙ ሎኬሽን የሚል ካያችሁ አገኛችሁት ማለት ነው። ከዛ በእጃችሁ ጂዲቢን አስነሱና ያንኑ ትእዛዝ ጻፉ፣ ላይብረሪዎቹ እንዲጫኑ ፕሮግራሙንም አስነሱት፣ ኢንፎ ብሬክፖይንትስ የእያንዳንዱን ፋይልና መስመር ይነግራችኋል። ፋይል ውስጥ ያሉ ስሞችን በሚዘረዝረው ኤንኤም በሚባል ትእዛዝ መፈለግም ይቻላል፣ ስትሪፕ የተደረገው ላይብረሪ ላይ ግን ኖ ሲምቦልስ ነው የሚላችሁ፣ ዩኤስአር ሊብ ዲበግ ስር ያለውን የዲበግ ፋይል ነው መስጠት ያለባችሁ። እዛ ትንሿ ቲ ለፋይሉ ብቻ የሆነች፣ ትልቋ ቲ ለሁሉም የምትታይ ፈንክሽን ናት። ኢንላይን የሆነችውን ኤንኤም አያሳያችሁም፣ ጂዲቢ ግን ያሳያል፣ ስለዚህ ሁለቱ ባይስማሙ ጂዲቢን እመኑ።

በነገራችን ላይ ከ10 ጀምሮ ጂዲቢ የዲበግ መረጃን ከዲበጊንፎዲ ሰርቨር ራሱ ያወርዳል፣ በእጅ ስታስነሱት ላውርድ ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል፣ ፓኬጅ ገዝታችሁ ኢንተርኔት የምትጠቀሙ እምቢ በሉት፣ ሜጋባይታችሁን ነው የሚበላው። ቴስቶቹ ሲሮጡ ግን አድራሻውን ያጠፉታል፣ ስለዚህ በሱ አታሳብቡ፣ የሚያስቸግረው ማሽኑ ላይ አስቀድሞ የተጫነው ነው።

ስታስተካክሉ ሁለቴ አስሩጡት፣ የዲበግ ፓኬጁ እያለና ሳይኖር። አንዱን ብቻ ያየ ሰው ምንም አላየም። ስም ከመቀየራችሁ በፊት ደግሞ የቴስቱን መግቢያ ኮሜንት አንብቡት፣ ምክንያቱም ጂዲቢ ሞክሼ ሲያጋጥመው ምን እንደሚያደርግ ለማየት ሆን ተብለው የተጻፉ ቴስቶች አሉ፣ እነሱ ላይ ስሙን ከለያችሁት ፓስ ይላል ግን ምንም የሚፈትን ነገር አይቀርም። እንደዛ አይነቱ ላይ ሞክሼዎቹ እዛው ይቆዩ፣ ከጂሊብሲ ጋር ብቻ እንዳይጋጩ ሁሉንም አንድ ላይ ማንም ወደማያወጣው ስም አዙሯቸው።

እኔ እዚህ ላይ አቆማለሁ። ማይኩ በግራ በኩል ካለችው ልጅ ጋ ነው፣ ላፕቶፑ ላይ ፌይል ይዞ የመጣ ካለ እሱ ይቅደም።