የሰጠመው ጀልባ ለምን አልበሰበሰም? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከድሬዳዋ፣ ከዚራ፦ «ውጭ ያለችው እህቴ ከሐይቅ ዳር በእግሯ ገብታ ጠልቃ፣ የሰጠመ የእንጨት የጭነት ጀልባ ቀርጻ ላከችልኝ። ሳንቃው ከነሚስማሩ አለ። የኛን ቤት በር ምስጥ ጨርሶታል፤ ይሄ እንዴት ቆየ?»

አቦ፣ ምስጡን በማንሳትህ ግማሹን ራስህ መለስከው። ባሕርም የራሱ ምስጥ አለው። ትል ይሉታል እንጂ ዘሩ ከዛጎል ነው፤ የመርከቡን እንጨት ቦርቡሮ ወንፊት ያደርገዋል። ጨው በሌላቸው ቀዝቃዛ ሐይቆች ውስጥ ግን እሱ የለም። ታች ያለው ብርድና ደለልም መበስበሱን ያዘገየዋል። ኒውዮርክ ግዛት፣ ሌክ ጆርጅ ውስጥ፣ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1758 የበረዶውን ክረምት እንዲያልፍ ብለው ራሳቸው ያሰጠሙት ላንድ ቶርተስ የሚባል የመድፍ ጀልባ አለ። ክረምቱ ሲወጣ ሊያነሱት ነበር፤ አጡት። እ.ኤ.አ. በ1990 ሲገኝ ከ30 ሜትር በታች ቅርጹን እንደያዘ ተቀምጧል።

«ብትነካውስ? ውስጡ ብትገባስ?»

አትንካው። ደህና ይመስላል እንጂ ላዩ እንደ ራሰ ዳቦ ነው፤ በጣት ጫን ሲሉት ምልክቱ ይቀራል። ደለሉ ደግሞ በአንድ የእግር ምት ተነስቶ ውሃውን ሆጃ ያስመስለዋል። ውስጥ እያለች መውጫው ቢሰወርባት የቦንቦላው አየር አይጠብቃትም። የተማረችው ባሕር ላይ ከሆነም ለመስጠም ወገቧ ላይ ከምትታጠቀው የእርሳስ ብረት ሁለት ሦስት ኪሎ ትቀንስ፤ የሐይቅ ውሃ እንደ ጨው ውሃ አያንሳፍፍም።

ከሐረር፣ ጀጎል፦ «እኛስ ሐረማያ ላይ አሮጌ ጀልባ አስጥመን ቱሪስት ብንጠራ?»

ሐሳቡን ወደድኩት። ግን ሐረማያ ደርቆ መሬቱ የታየበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። ውሃው ተመልሷል፤ እንጨትን የሚገድለው ግን ይሄው መመላለስ ነው። ርሶ የኖረ ሳንቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ስዊድኖች እ.ኤ.አ. በ1961 ከውሃ ያወጡትን ቫሳ የተባለ መርከብ 17 ዓመት ኬሚካል ሲረጩት የኖሩት ለዚህ ነው። ሐረማያ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለም የባሕሩ የመጥለቂያ ሰንጠረዥ፣ ማለትም በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚናገረው፣ እንዳለ አይሠራበትም።

ከፍታ ካነሳን አይቀር፣ እኔን የሚያሳስቡኝ ጅቡቲ ጠልቀው በዚያው ቀን ወደ ቤት የሚመለሱ ናቸው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፤ ሐረር ከዚያም ትበልጣለች። ለሰውነት ይሄ አውሮፕላን እንደመሳፈር ነው፤ ውሃ ሥር ሲተነፍሱ ውስጡ የቀረው ናይትሮጅን የተባለ ጋዝ አረፋ ሆኖ ሊጎዳ ይችላል። አንዴ ከጠለቃችሁ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግማችሁ ከሆነ 18 ሰዓት እዚያው ባሕሩ ዳር ቆዩ።