የአንድ ደቂቃ ማይክራፎን፦ የታኒያ ብሩጌራ ሥራዎች እንዴት ነው የሚሠሩት?

ሄለን፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬ ስለ ኩባዊቷ የፐርፎርማንስ፣ ማለትም በሰዎች ፊት በሚፈጸም ድርጊት ጥበብ የምትሠራ፣ አርቲስት ታኒያ ብሩጌራ ነው የምናወራው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምንጠራቸው። ዳዊት፣ በቀጥታ ወደ 2009 እንሂድ?

ዳዊት፦ እንሂድ። ማርች ላይ ነው፤ የሃቫና ቢያናሌ፣ ትልቁ የጥበብ ዐውደ ርዕይ፣ እየተካሄደ ነው። ቦታው የዊፍሬዶ ላም የጥበብ ማዕከል ግቢ፣ የሥራው ስም «የታትሊን ሹክሹክታ ቁጥር 6»። ዕቃዎቹን ልቁጠራቸው፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ያለ ምክንያት የገባ ነገር የለም። መድረክ፣ ከኋላው ትልቅ መጋረጃ፣ አትሮኖስና ማይክራፎኖች። ወታደራዊ ልብስ የለበሱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። አንዲት ነጭ ርግብ። ለተመልካቹ የታደሉ 200 ባለፍላሽ ካሜራዎች፣ አንድ ፊልም አንስተው የሚጥሏቸው ዓይነት። ከዚያ ሁለት ድምፅ ማጉያ፤ አንዱ ግቢ ውስጥ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ። ደንቡ ደግሞ አጭር ነው። የፈለገ ይወጣል፣ የፈለገውን ይናገራል፣ ሳንሱር የለም፤ ግን አንድ ደቂቃ ብቻ።

ሄለን፦ ርግቧን ለማያውቅ ሰው እናስረዳ። ጃንዋሪ 8 ቀን 1959 ፊደል ካስትሮ ድል አድርጎ ሃቫና የገባ ዕለት ንግግር ሲያደርግ ነጭ ርግብ ትከሻው ላይ አርፋለች። ኩባ ውስጥ ያንን ምስል የማያውቅ የለም። ብሩጌራ እሱን ምስል ወስዳ ለማንም ሰው ከፈተችው። ተናጋሪው ሲወጣ ሁለቱ ዩኒፎርም ለባሾች ርግቧን ትከሻው ላይ ያስቀምጡለታል። መሪው የቆመበት ቦታ ላይ ተማሪው፣ ጸሐፊው፣ መንገደኛው ይቆማል።

ዳዊት፦ ደቂቃዋ ስታልቅ ደግሞ እነዚያው ሁለት ሰዎች ይዘው ያወርዱታል። ርግቧን ያስቀመጠው እጅና ጎትቶ የሚያወርደው እጅ አንድ ነው። ሰዓት ጠባቂ በደወል ብቻ ቢያስቆም ኖሮ ሥራው ተራ የውይይት መድረክ ይሆን ነበር።

ሄለን፦ ለእኔ ትልቁ ነገር የውጭው ድምፅ ማጉያ ነው። ቢያናሌው የሰጠው ፈቃድ የሚሸፍነው ግቢውን ነው፤ የተጋበዘው የጥበብ ታዳሚ እርስ በርሱ ቢነጋገር ብዙም አያስፈራም። ገመዱ ግንቡን ተሻግሮ ወደ መንገዱ ሲወጣ ግን ነገሩ «ጥበብ ነው» ከሚለው ጥላ ይወጣል።

ዳዊት፦ ካሜራዎቹም እንዲሁ። በ2009 ሃቫና ውስጥ ኢንተርኔት ለጥቂት ሰው ነው የሚደርሰው። ማስረጃው በአንድ የቪዲዮ ካሜራ ላይ ብቻ ቢሆን አንድ ካሴት መውሰድ ይበቃል፤ 200 ሰው እጅ ላይ ሲበተን ግን ማን ከማን ይሰበስበዋል? ፍላሹም ሥራ አለው። ተናጋሪው ፊት ላይ ሲበራ ታላቅ ሰው ይመስላል፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ፊቱ ተመዝግቧል።

ሄለን፦ መድረኩ ላይ የወጣች ሴት ቃል ሳትናገር አለቀሰች። ጦማሪዋ ዮአኒ ሳንቼስ ወጥታ ተናገረች። በመጨረሻ ብሩጌራ ራሷ ዘጋችው። የቢያናሌው አዘጋጅ ኮሚቴም ወዲያው የውግዘት መግለጫ አወጣ።

ዳዊት፦ መግለጫው ራሱ የሥራው ክፍል ሆነ ማለት ነው። እሷ ደንብ ታወጣለች፣ ቦታ ታዘጋጃለች፤ ቀሪውን ሥልጣን ያለው አካል ይሞላዋል። ዝም ቢል ሰዎቹ ተናገሩ፣ ቢከለክል ክልከላው በይፋ ታየ።

ሄለን፦ ያ በ2014 ጎልቶ ወጣ። ዲሴምበር 17 ቀን የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኦባማና የኩባው ራውል ካስትሮ የአገሮቻቸውን ግንኙነት እንደሚያድሱ አወጁ። ብሩጌራ ያንኑ የአንድ ደቂቃ መድረክ ሃቫና አብዮት አደባባይ ላይ ዲሴምበር 30 ከሰዓት እንደምትዘረጋ አስታወቀች። ከግቢ ወደ አደባባይ! በዚያ ቀን ጠዋት ተያዘች። ሊገኙ ያሰቡ ሌሎች ሰዎችም ታሰሩ ወይም ከቤት እንዳይወጡ ተደረጉ። ፓስፖርቷ ተወስዶ ወራት ቆየ፤ የተመለሰላት በ2015 ጁላይ ነው።

ዳዊት፦ እዚህ ጋ ግን አንድ ነገር ሳንሸፋፍን እንናገር። እሷ በዓለም የምትታወቅ አርቲስት ናት፤ ስትታሰር ሙዚየሞች ይጮኹላታል። አብሯት የታሰረው ስም የሌለው ሰው ግን ማንም አይጮህለትም። እንዲህ ያለ ሥራ የሚያቅድ ሰው መጀመሪያ የሚያሰላው ይህን መሆን አለበት፦ አደጋው ማን ላይ ያርፋል?

ሄለን፦ እስማማለሁ፤ እሷም ዞር ብላ አልሄደችም። መንግሥት የሰጣትን የባህል ሽልማት መለሰች፣ በቀላሉ አገር ለቅቃ መውጣትንም እንቢ አለች። በ2021 ወደ ሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ስትወጣም እስረኞች እንዲፈቱ ተደራድራ ነው።

ዳዊት፦ ሥራው ከቦታ ቦታ እንዴት እንደሚለወጥም እንይ። በ2015 ኤፕሪል፣ እሷ ኩባ ውስጥ ፓስፖርት አልባ ሳለች፣ «ክሪኤቲቭ ታይም» የተባለው ድርጅት ያንኑ መድረክ ኒውዮርክ ታይምስ ስኩዌር ላይ አደረገላት። አጋርነት ነው፣ መልካም ነው። ግን እዚያ ማይክራፎን ይዞ መናገር የሚያስከፍለው ነገር የለም፤ አትሮኖሱም ደቂቃውም ተሟልቶ ጉልበቱ የለም። ብሩጌራ ራሷ ሥራዎቿ ከፖለቲካዊ ጊዜያቸው እንደማይነጠሉ ትናገራለች።

ሄለን፦ ለንደን ላይ ስትሠራ የመረጠችው መንገድ ሌላ የሆነውም ለዚያ ይመስለኛል። 2008፣ ቴት ሞደርን ሙዚየም፣ ተርባይን ሆል የተባለው ትልቁ አዳራሽ፤ «የታትሊን ሹክሹክታ ቁጥር 5»። ሁለት ፖሊሶች በፈረስ ገቡ፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር ፈረስ። ሰውን ያስጠጋሉ፣ ይከፍላሉ፣ በር ይዘጋሉ። ዋናው መመዘኛ ሁለት ነው፦ ፈረሰኞቹ እውነተኛ የሠለጠኑ ፖሊሶች ይሁኑ፣ ተመልካቹም ቀድሞ አይነገረው።

ዳዊት፦ ተዋናይ ቢቀጠር ይበላሻል። ፈረስን በሰው መሐል ማዘዝ ሙያ ነው፤ ያልሠለጠነ ሰው ወይ ይፈራል ወይ ሰው ያስረግጣል። ፖስተር ተለጥፎ ቢሆን ደግሞ ሰው ለማየት ይሰበሰባል። ሳይነገረው ግን የሚሆነውን አየነው፤ «ወደኋላ» ሲባል ወደኋላ ይላል፣ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሄለን፦ ያልሠመረላትን እናንሳ። 2009፣ ቦጎታ። የኮሎምቢያን ግጭት የኖሩ ሰዎች መድረክ ላይ ሲናገሩ ኮኬይን በትሪ ለታዳሚው ዞረ። ጩኸት ተነሳ።

ዳዊት፦ ችግሩ ግልጽ ነው። ሰው ሁሉ ዓይኑ ትሪው ላይ ሆነ፤ ስለ መፈናቀልና ስለ ጦርነት የሚናገሩትን ሰዎች ማን ሰማቸው? ሃቫና ላይ ቀልብ የሚስበው ነገር ተናጋሪውን ከፍ ያደርገዋል፤ ቦጎታ ላይ ዋጠው። በእኔ ፍርድ የእሷ ሥራ የሚለካው በዚህ ነው።

ሄለን፦ በ2018 ለቴት ሞደርን የሠራችው ላይ ልምጣ፤ ከእኛ ጋርም የሚገናኝ ነገር አለው። ርዕሱ ቁጥር ነው፦ 10,148,451። በቀደመው ዓመት ከአገር አገር የተሰደዱትና በዚያ ዓመት በስደት ላይ መሞታቸው የተመዘገበው ተደምረው ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ እያደገ ይሄድ ነበር፤ ጎብኚው እጁ ላይ ይታተምበታል። ወለሉ ሙቀት የሚለውጠው ቀለም የተቀባ ነው፤ ከሥሩ ከሶርያ ወደ ለንደን የመጣ ወጣት ምስል ተደብቋል። አንድ ሰው ቢጋደም የሚታየው የራሱ ሰውነት ልክ ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ካልተጋደመ ፊቱ አይወጣም። ጎን ባለው ክፍል ደግሞ አየሩ ውስጥ ዓይን የሚያስለቅስ ንጥረ ነገር ተለቋል።

ዳዊት፦ የማልስማማው እዚያ ላይ ነው። በኬሚካል የመጣ እንባ ስለ ማንም አይደለም። ወለሉ ግን ልክ ነው፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ተነጋግረው አብረው እንዲተኙ ያስገድዳል። ልጁ በቀይ ባሕር ወይም በሊቢያ መንገድ የጠፋበት ቤተሰብ ቁጥሩን እጁ ላይ ሲያየው ምን እንደሚሰማው አስቢው።

ሄለን፦ የንባቡን ሥራም ሳንነካ አንለፍ። 2015 ሜይ፣ አሮጌው ሃቫና፣ የገዛ ቤቷ። የፖለቲካ ፈላስፋዋ ሐና አረንት ስለ ጠቅላይ ገዥነት አመጣጥ የጻፈችውን መጽሐፍ 100 ሰዓት ሳያቋርጡ በየተራ ማንበብ፤ አራት ቀን ከአራት ሰዓት። ምሽት የለ፣ ንጋት የለ።

ዳዊት፦ አንባቢ ከጎደለ ሥራው ይሰበራል፤ ከባዱ ደግሞ ከሌሊት እስከ ማለዳ ያለው ተራ ነው። እነሱ ላይ የደረሰው ግን ሌላ ነው። የመንገድ ሠራተኞች መጥተው ደጇ ላይ በመቆፈሪያ ማሽን አስፋልቱን መስበር ጀመሩ፤ ድምፁ ንባቡን እንዲውጥ። ንባቡ ሲያልቅ ስትወጣ ለጥቂት ሰዓት ተያዘች።

ሄለን፦ በ2024 ፌብሩዋሪ ያንኑ ንባብ በርሊን፣ ሐምቡርገር ባንሆፍ ሙዚየም ውስጥ ስታካሂድ የፍልስጤም ደጋፊ ተቃዋሚዎች ገብተው አቋረጡት፤ 100 ሰዓቱ ሳይሞላም ተቋረጠ። መድረክ ለሁሉ ክፍት ነው ብላ ከጀመረች አቋራጩስ ተናጋሪ አይደለም?

ዳዊት፦ ተናጋሪ ነው፤ ሃቫና ላይ ቢሆን ግን አንድ ደቂቃ ነበረው፣ ከዚያ ቀጣዩ ይወጣል። በርሊን ላይ ያ ደንብ አልነበረም። ንባቡ የተሠራው ከውጭ ለሚመጣ የመንግሥት ጫና ነበር፤ ከአዳራሹ ውስጥ ለሚነሳ ተቃውሞ ማይክራፎኑን በምን ሥርዓት እንደሚያካፍል አስቀድሞ አልተወሰነም።