ሁለቴ ተለጥፎ አሁንም የሚተነፍስ ጎማ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ከገባ ወዲህ ጅማ ውስጥ የሚደወልልኝ ሁሉ የብስክሌት ጎማ ሆኗል። ደዋዮቹ ቀዳዳ ይላሉ፤ እኔ ደግሞ መጀመሪያ ቫልቩን፣ አየር የሚነፋበትን አፍ፣ እዩ እላለሁ።

ከሂርማታ፦ «ጋሼ፣ የውስጥ ጎማዬን ሁለቴ አስለጠፍኩት። ማታ ነፍቼው አድሬ ጠዋት ተንፍሶ አገኘዋለሁ። ውኃ ውስጥ ስነክረው አረፋ የለውም። ምን ጉድ ነው?»

ቫልቩንስ ነክረኸዋል? ሰው ጎማውን እያዞረ ዙሪያውን ይነክርና የያዘው በቫልቩ በኩል ስለሆነ እሷን ሳያይ ያልፋል። አሁን ጎማውን ሙሉ ንፋው፣ ክዳኑን አውልቅ፣ ጣትህን ምራቅ አስነካና የቫልቩን አፍ በምራቁ ድፈነው። አትቸኩል። ምራቁ ቀስ እያለ እንደ ፊኛ ካበጠ ሌባው ተያዘ።

ቫልቭህ እንደ መኪና ወፍራም ከሆነ መሐሉ ላይ ተፈትታ የምትወጣ ቀጭን መርፌ አለች። ብዙ ጊዜ ላልታ ነው። መፍቻዋ ጎሚስታ ጋ አይጠፋም፤ አንዳንዱ የብረት ክዳንም ጫፉ ላይ ሁለት ጥርስ ስላለው ገልብጠህ ታጠብቅበታለህ። ጠበቅ አድርጋት እንጂ አትታገላት። አሁንም ካፈሰሰ አውጣትና እያት፤ የኛ ቀይ ጭቃ ከደረቀ በኋላ ጎሚኒዋ ላይ ይቀመጣል፣ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ሌሊቱን ሙሉ ለማስተንፈስ ትበቃለች። ጥረግና መልሳት፣ እምቢ ካለች ቀይራት። ክዳኗንም ጣል ጣል አታድርጋት፣ ጭቃ የሚከለክለው እሱ ነው።

ከመንደራ ቆጪ፦ «የአባቴ የድሮ ብስክሌት ነው፣ ፖምፓው ድንጋይ የምገፋ ያህል ይከብደኛል።»

እህቴ፣ ይሄ የድሮው ዓይነት ቫልቭ ነው። ዳዶውን ፈትተሽ ብረቷን ስታወጪ ቀጭን የጎማ ቱቦ ለብሳ ታገኛታለሽ። አየሩ የሚገባው ያንን ቱቦ ገፍቶ ነው፣ ስለዚህ አዲስም ሆኖ ትንሽ ይከብዳል። ሲያረጅ ግን ከብረቱ ጋር ይጣበቃል ወይ ይሰነጠቃል። ልጠሽ ጣይው፣ አዲሱን ምራቅ ቀብተሽ አልብሺያት። አለቀ።

አንድ ተማሪ፦ «ቀጭን ቫልቭ ነው፣ አየር አይገባም።»

ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ዳዶ ወደ ላይ ፍታት፣ በጣትህ አንዴ ጫን አድርጋት፣ ፉስ ስትል ንፋ። ስትጨርስ መልሰህ ዝጋ። ፖምፓውን ስትነቅል ግን አታወዛውዝ፣ ዳዶዋ ያለችባት ቀጭን ዘንግ በቀላሉ ትጣመማለች።

ከአጋሮ አንድ አባት፦ «ቫልቩ ሥሩ ላይ ተቀደደ። በማስቲሽ ለጠፍኩት፣ አልያዘም።»

አይይዝም አባቴ፣ አይድከሙ። ቫልቩ ሥር ሁሌም ይንቀሳቀሳል፣ ልጣፉ ተኝቶ የሚይዝበት ቦታም የለውም። እኔም ድሮ ለጥፌ ጅሬን ዳገት ላይ ብስክሌቴን እየገፋሁ ተመልሻለሁ። የውስጥ ጎማውን ይቀይሩ።

ግን ምክንያቱን ካላገኙ አዲሱም እዚያው ይቀደዳል። አየር ያነሰው ጎማ ፍሬን ሲያዝ ቸርኬው ላይ ይንሸራተታል፣ የውስጡንም አብሮ ይጎትታል፣ ቫልቩ ግን ቀዳዳው ውስጥ ታስሯልና የትም አይሄድም። ሥሩ የሚበጣጠሰው እንዲህ ነው። ቫልቩ ዘመም ብሎ ካዩ አየሩን አስተንፍሰው ጎማውን ያቃኑ። ሌላው፣ ለወፍራም ቫልቭ በተበሳ ቸርኬ ቀጭኑን ከገጠሙ ይወዛወዝና ጠርዙ ይቆርጠዋል፤ ለዚህ የሚሆን ማጥበቢያ ቀለበት አለ።

ሲገጥሙም ውጪኛውን ጎማ ካስገቡ በኋላ ቫልቩን ወደ ውስጥ ገፋ፣ ከዚያ ወደ ውጪ ሳብ ያድርጉት። የውስጡ ጎማ በውጪኛው ጎማ ጠርዝ ሥር ተቆንጥጦ ከቀረ ሲነፋ ይፈነዳል። የቫልቩን ዳዶ በጣት ብቻ ይጠብቁ፣ በፒንሳ አይንኩት። ለመንፋት የመኪና ጎሚስታ ጋ ከሄዱም ልጁን ቀስ በል ይበሉት፣ ያ ማሽን የብስክሌት ጎማን በሰኮንዶች ይሞላል። የሚነፋው አየር ልክ ራሱ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል።